የሐዲስ አገር ሰዎች

ደብረ ማርቆስ ተወልዶ ማደግ የራሱ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ሠርግ ላይ ተቀምጠህ አጠገብህ ያለው ሰው «አገርህ ወዴት ነው?» ሲልህ «ማርቆስ» ካልክ አለቀልህ። «ኦሆ! የሐዲስ አለማየሁ አገር ሰው!» ይላል። ከዚያ ወዲያ ሥጋህን በሰላም አትበላም። ስትናገር ቃል እንዲያምርልህ፣ ዝም ስትል ደግሞ ቅኔ እየቆጠርክ እንደሆነ እንዲመስል ይጠበቅብሃል።

ከሩቅ ሲያዩት ክብር ነው። ከቅርብ ሲያዩት ግን ማመልከቻ መጻፍ ነው። የሰፈራችን ሰው ለቀበሌ የሚገባ አቤቱታ፣ የእድር ማስታወቂያ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ ሲኖረው ወረቀቱን ይዞ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። በቀደም ጎረቤቴ እትዬ የውሃ ቆጣሪ ይቀየርልኝ ብለው መጡ።

«አደራ፣ ሲያነቡት የሚያስለቅስ አድርገህ ጻፍልኝ። አንተማ የሐዲስ አገር ሰው!»

«እትዬ፣ እርስዎስ የት ተወለዱ?» አልኳቸው።

«እኔማ እዚሁ መንቆረር።»

«ታዲያ እርስዎም የሐዲስ አገር ሰው ነዎታ!»

«ኧረ ተወኝ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርሁ» አሉና ሳቁ። እሳቸው ይሻላሉ። ቢያንስ ድርሰት ከፊደል ጋር እንደሚገናኝ ያውቃሉ።

የሚያናድደኝ ሌላው ሰው እንዲህ ማለቱ አይደለም፤ እኛው ራሳችን ማመናችን ነው። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ? የከተማችን ጸሐፊ ነኝ ባይ ሁሉ ጨዋታ የሚጀምረው በዘር ነው። የአንዱ አያት ከሐዲስ ዘመዶች ጋር አንድ ደብር ያስቀድሱ ነበር። የሌላው እናት ሐዲስ በተወለደበት በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ነው ተወልደው ያደጉት። ሦስተኛው ምንም ባያገኝ «የእኛ ቤት'ኮ ከእነሱ በሬ ተውሶ ያውቃል» ይላል።

ጎጃም ርስት በአጥንት ቆጠራ የሚጠየቅበት አገር ነበር። መሬት የሚሻ ሰው ከአባቱ ጀምሮ እየቆጠረ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ይወጣና «ድርሻዬን!» ብሎ ይሟገታል። መሬቱን የ1967ቱ አዋጅ ገላገለን። የቀረን ርስት ድርሰት ብቻ ስለሆነ እሱን ይዘን እየተሟገትን ነው።

ይህን ሁሉ አስቂኝ የሚያደርገው ግን መጽሐፉ ራሱ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ አጥንት ቆጣሪው ማን ነበሩ? ፊታውራሪ መሸሻ! ልጃቸው ሰብለ ወንጌል ለጋብቻ ስትጠየቅ «አጥንቱ አይመጥንም» እያሉ ሲመልሱ፣ ሲመልሱ ልጅቷን ያለ ባል ያስቀሯት እሳቸው ናቸው። ሐዲስ ይህን በሽታ ለማሳየት ትልቅ መጽሐፍ ጻፈልን። እኛ ደግሞ መጽሐፉን ከደረታችን ለጥፈን ከደራሲው ጋር ያለንን አጥንት እንቆጥራለን።

ከእነዚህ ወራሾች አንዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ ልጅ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ አልዘብትበትም። መጽሐፍ እስከ መስከረም ድረስ ለማሳተም አስቧል። የትኛው መስከረም እንደሆነ በየዓመቱ ይለዋወጣል።

ይህ ልጅ ታላላቅ ደራሲዎችን አጥንቷል። ሄሚንግዌይ ቆሞ ይጽፍ እንደነበር ያውቃል። ባልዛክ ሌሊቱን በቡና እንደሚገፋው ያውቃል። ስለዚህ ካፌ ገብቶ፣ ጥቁር ቡና አዝዞ፣ ባንኮኒው ላይ ቆሞ ይጽፋል። አስተናጋጇ መጀመሪያ ሰሞን «ወንበር ላምጣልህ?» ትለው ነበር። ኋላ ግን የሚከፍለው ለአንድ ቡና፣ የሚቆመው ከሰዓት እስኪመሽ ሆነባትና «እዚህ ጋ ሰው ይተላለፋል፣ ወንድሜ» ማለት ጀመረች።

«የሄሚንግዌይን አንዱን አጭር ልቦለድ ፈታተህ አይተህ ታውቃለህ?» አልሁት አንድ ቀን።

«ፈታተህ ስትል?»

«ማለቴ ንግግሩ እንዴት እንደሚሄድ፣ ምኑን ትቶ ምኑን እንደሚናገር...»

«እሱን ገና ነኝ። ሕይወቱን ነው ያነበብሁት።»

እነሆ የዘመናችን የደራሲነት ትምህርት! የሰውየውን ጺም፣ አልጋ፣ ትዳርና መጠጥ እናጠናለን። ዓረፍተ ነገሩን ግን የሚነካው የለም። ለነገሩ ጺም ማሳደግ ይቀላል፤ እንቅልፍ እየተኛህም ያድጋል።

ይህን ልጅ እዚያው ካፌ ለሰፈራችን መሪጌታ ያስተዋወቅሁት እኔ ነኝ። መሪጌታ በወጣትነታቸው ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግበው፣ የጎጃምን ውሻ ሁሉ በስሙ እስኪያውቁት ድረስ ቁራሽ እየለመኑ ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። ዛሬ የእድራችን ጸሐፊ ናቸው። ቃለ ጉባኤያቸውን ያነበበ ሰው መቅረት አያምረውም፤ ቀሪዎችን በአንድ መስመር እንዴት እንደሚወጓቸው ያውቃላ!

«የኔታ፣ ድርሰት መጻፍ እፈልጋለሁ። ከታላላቆቹ መማር እሻለሁ» አላቸው ልጁ።

«ማለፊያ። ከማን ቤት ነህ?»

ልጁ የዘር ጥያቄ መሰለውና የአያቱን ስም ጀመረ። መሪጌታ በእጃቸው አቋረጡት። የጠየቁት የቅኔ ቤቱን ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዙር። የቅኔ ሰው «ቤት» ሲል መንገድ ማለቱ ነው። ዋሸራ ቤት፣ ጎንጅ ቤት፣ ዋድላ ቤት የሚባሉ ሦስት ስመ ጥር መንገዶች አሉ። ሁለቱ፣ ዋሸራና ጎንጅ፣ እዚሁ ጎጃም ናቸው፤ ዋድላ ወሎ ነው። አንዱ ቤት የተማረ ሰው ሲቀኝ ሌላው ቤት ያለው አዋቂ ሰምቶ «ይሄ የእገሌ መንገድ ነው» ይላል። ስለዚህ ተማሪው የአንዱን መንገድ ጠንቅቆ ሲያበቃ አኮፋዳውን አንሥቶ የሌላውን ሊያይ ይሄዳል። የደራሲን ስልት ማጥናት የሚባለው ነገር በመጽሔትና በሥልጠና ከመምጣቱ ብዙ ዘመን በፊት፣ ከዲማ እስከ ደብረ ኤልያስ ሣር በለበሱ ጎጆዎች ውስጥ በባዶ ሆድ ይሠራበት ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መምህሩ ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ማለትም በጉባኤው ፊት አዲስ ቅኔ ይናገራሉ። ከዚያ ያፍታቱታል፤ አገባቡ ምን እንደሆነ፣ ግሱ ከየት እንደመጣ፣ ሰሙ የት ወርቁ የት እንደተደበቀ። ተማሪው ያንን ይዞ በማግሥቱ ገደል አፋፍ ወይም ዛፍ ሥር ብቻውን ይቀመጥና የራሱን ይቆጥራል። ከቆጠራ መልስ ነገራ አለ። የቆጠረውን ለአስነጋሪው ወይም ለመምህሩ ያሰማል፤ ያርሙታል። ጀማሪው ሁለት መስመር ካላት ከጉባኤ ቃና ይነሣል። እያደገ ሲሄድ ስምንት መስመር ያለውን መወድስ ይደርሳል። እስከዚያ ድረስ ማንም «ተሰጥዖ አለህ» አይለውም። «እዚህ ጋ ሰበርክ» ነው የሚሉት።

በጣም የምወደው ሕግ ግን ሌላ ነው። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይባልም። የመምህርህን አካሄድ ትወስዳለህ፤ ቅኔውን ግን አትወስድም። የራስህንም ቢሆን ደግመህ ብታቀርብ ያፍሩብሃል። መንገዱ የጋራ ነው፤ ቅኔው ግን ሁልጊዜ አዲስ መሆን አለበት።

ሐዲስ አለማየሁ በ1902 ዓ.ም. እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልዶ በዚህ ትምህርት ያለፈ ሰው ነው። ደብረ ኤልያስ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ የሚሉትን ስሞች ያወቃቸው ከካርታ ላይ አይደለም። ከዚያ አዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ተማረ፤ ጦርነት ዘመተ፤ ኢጣሊያ ታሰረ፤ አምባሳደርና ሚኒስትር ሆነ። «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲታተም 1958 ዓ.ም. ነበርና 56 ዓመቱ ነበር ማለት ነው። ይህን ለልጁ ስነግረው ፊቱ ጥቁር አለ። መስከረም እንደገና ራቀበት።

ወደ መሪጌታ ልመለስ። እኔን «መጽሐፉን አምጣ» አሉኝ፤ አመጣሁ። ልጁን ደግሞ «ከመጽሐፉ ሰዎች የምትወደው ማንን ነው?» አሉት። «ጉዱ ካሳን» አለ። የማይወደው አለ?

«ጉዱ ካሳ እብድ ነው?»

«አይደለም፤ እብድ ይሉታል እንጂ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው።»

«እብድ የሚሉት እነማን ናቸው?»

«ሌሎቹ፤ ዘመዶቹ፣ መኳንንቱ፣ የአገሩ ሰው።»

«አየህ፣ እብደቱ ሰም ነው። ወርቁ የሚናገረው ነገር ነው። የድሃው መበደል፣ የካህኑ ነገር፣ የጋብቻው ሥርዓት። ይህን ደራሲው በራሱ አፍ ቢለው ንጉሡ ዙፋን ላይ በተቀመጡበት ዘመን ማን ያሳትምለታል? እሱም የመንግሥት ሹም ነው። እብድ ካለው ግን ማን ይከሳል? ይሄን ሰውዬ ዲማ ነው ያስተማረችው!» አሉና ጉልበታቸውን መቱ።

ልጁ ደብተሩን አወጣ። በእውነቱ እኔም አወጣሁ።

ቀጠሉ። ፊታውራሪ መሸሻ ለምን እንደሚያስቁ ጠየቁት። ልጁ «ቂል ስለሆኑ» አለ። መሪጌታ አልተቀበሉትም። ፊታውራሪ ቀልደኛ አይደሉም፤ የሚያስቁን ኮስተር ባሉ ቁጥር ነው። ባላገሩ በእነ አበጀ በለው መሪነት አልገብርም ሲላቸው ጦር አስከትለው ሊቀጡት ይሄዳሉ፤ እዚያው ተማርከው ያርፉታል። ደራሲው ግርማውን ሁሉ ሰጥቶ፣ በቅሎውን አስጭኖ፣ አጃቢውን አሰልፎ ነው ወደ ውርደት የሚልካቸው። «ልታዋርደው የፈለግኸውን ሰው መጀመሪያ አክብረው። ይሄ የቅኔ ሥራ ነው» አሉ መሪጌታ። በእድር ቃለ ጉባኤ ላይ «ክቡር አባላችን» እያሉ የሚጀምሩበት ምሥጢር ያን ጊዜ ገባኝ። ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ ክቡር ብለውኛል።

ከዚያ «የራስህን ጽሑፍ አንብብልኝ፣ ጮክ ብለህ» አሉት።

ልጁ ጀመረ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ከአንድ ገጽ ወደ ሌላው የሚሻገር ነበር። መሀል ላይ ትንፋሹ አለቀ፤ ሳለ፤ ውሃ ጠየቀ። «ሐዲስም'ኮ ረጅም ዓረፍተ ነገር ይጽፋል» ብሎ ተከራከረ። እውነቱን ነው፤ ይጽፋል። የሐዲስ ረጅም ዓረፍተ ነገር ግን ማረፊያ አለው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው ይመስክር። አገር ምድሩ ሥራ ፈትቶ ያዳመጠው በወጋየሁ ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ጽሑፉ አፍ ላይ እንዲቀመጥ ሆኖ ስለተጻፈም ነው። መጽሐፉን ገልጠው ሳያውቁ ከዳር እስከ ዳር የሚተርኩልህ እናቶች በየሰፈሩ አሉ። በጆሯቸው ነው ያነበቡት።

ልጁ የቀረውን ሲያነብ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። አንድ ድሃ የቆሎ ተማሪ አለ። የባላባት ልጅ ያስተምራል፤ ይዋደዳሉ። አባትየው ቁጡ ናቸው። ዘመድ የሆነ፣ አገሩ እብድ የሚለው ብልህ ሰው አለ። መጨረሻቸው መቃብር ነው።

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። ሲጨርስ «ልጄ» አሉት፣ «ሰውዬው ሦስቱንም አንድ መቃብር ውስጥ በክብር ቀብሯቸዋል። ምነው አንተ ታወጣቸዋለህ?»

ካፌው ሁሉ ሳቀ። ልጁም ሳቀ፤ በዚህ ነው የወደድሁት።

እኔ ነገሩን ላለዝብ ብዬ የአሜሪካኑን የቤንጃሚን ፍራንክሊንን ታሪክ አመጣሁ። ሰውየው በልጅነቱ በቦስተን ከተማ በወንድሙ ማተሚያ ቤት ተለማማጅ ሳለ «ስፔክቴተር» የሚባል የእንግሊዞች መጽሔት ጥራዝ እጁ ይገባል። አጻጻፉን ወደደው። ጽሑፉን አንብቦ የየዓረፍተ ነገሩን ሐሳብ ባጭሩ ያሰፍርና ለጥቂት ቀናት ይተወዋል። ከዚያ መጽሔቱን ሳያይ በራሱ ቃላት መልሶ ይጽፈዋል፤ ከዋናው ጋር አስተያይቶ ስሕተቱን ያርማል። አንዳንዱን ወደ ግጥም ይለውጠዋል፤ ከረሳው በኋላ ግጥሙን መልሶ ስድ ንባብ ያደርገዋል። ማስታወሻዎቹን ደባልቆ እንደገና በቅደም ተከተል የሚያስቀምጥበትም ጊዜ ነበር። ይህን ሁሉ በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ራሱ ጽፎታል።

መሪጌታ በጥሞና ካዳመጡ በኋላ «ይሄ ሰውዬ ዋሸራ ገብቷል እንዴ?» አሉ።

«ኧረ የኔታ፣ አሜሪካዊ ነው።»

«እንግዲያው ማን አስተማረው?»

«ራሱን ነው ያስተማረ።»

«አስነጋሪ ሳይኖረው? ጎበዝ ነው» አሉ። ከመሪጌታ አፍ «ጎበዝ» ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ እሱም ለአሜሪካዊ ሆነ።

በእርግጥ የእኛም ሰዎች ሌላ አገር ሄደው ለማየት አልሰነፉም። ዮፍታሔ ንጉሤ ከደብረ ኤልያስ የተማረውን ቅኔ አዲስ አበባ ወስዶ ቴአትር አደረገው። የአቸፈሩ አቤ ጉበኛ የአሜሪካው አዮዋ ዩኒቨርሲቲ የዓለም ደራስያንን በሚሰበስብበት መርሐ ግብር ተገኝቷል፤ የ«አደፍርስ» ደራሲ ዳኛቸው ወርቁም እንዲሁ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሼክስፒርን ወደ አማርኛ መለሰ። እኔ ከሁሉ ጥብቅ ንባብ የምለው ትርጉም ነው። ስታነብ ያልገባህን መስመር ዘለህ ታልፋለህ፤ ስትተረጉም ግን የትም አታልፍም፣ «ኦቴሎ» ቆሞ ይጠብቅሃል።

አቋራጭ የሚፈልግ ሰው በየዘመኑ አለ። በቅኔ ቤት ወሬ አብሾ የሚባል ነገር አለ። አእምሮ ይከፍታል ብለው የሚጠጡት ተማሪዎች ነበሩ ይባላል። የአንዳንዱን ከመክፈትም አልፎ በዚያው ከፍቶት ይቀራል። ዘንድሮ አብሾው በስልክ መጥቷል። «ስለ ፍቅር ታሪክ ጻፍልኝ» ትለዋለህ፤ በአንድ ትንፋሽ ያወርድልሃል። ልጁ አንድ ጊዜ ሞክሮ ለመሪጌታ አነበበላቸው። «ማን ነው የቆጠረው?» አሉ። «ስልኬ» አለ። «እንግዲያው ነገራውም የስልክህ ይሁን፤ እሱን አስቀምጠኸው ሂድ» አሉት። ስልኩን ይዘውበት ዋሉ። እድሩ ያን ቀን ሁለት ቀብር ስለነበረበት ሳይጠቅማቸውም አልቀረ።

ከዚያ ወዲህ ልጁ ሥራ ይዟል። ቆሞ መጻፍ ትቶ ይቀመጣል፤ አስተናጋጇም ሰላም አግኝታለች። ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ይመርጥና ያነበዋል፤ ይከድነዋል፤ በማግሥቱ ስለ ሌላ ነገር፣ ስለ ጫማ ጠራጊ ወይም ስለ ላሜራ ቆራጭ፣ በዚያው አካሄድ ይጽፋል። ከዚያ ያስተያያል። በቅርቡ ያሰማን ስለ አንድ የመናኸሪያ ደላላ ነው። ሰውየውን በጣም አክብሮ፣ በጣም አሳምሮ ጽፎታል። ደላላው ቢሰማው ይኮራበታል፤ እኛ ግን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ሐዲስ ያስተማረው ነው፤ ደላላው ግን የራሱ ነው። መሪጌታ አንድ ቃል ብቻ አረሙበትና «ቀጥል» አሉት። በቅኔ ቤት ከዚህ በላይ ሽልማት የለም።

የእኔን «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን እስካሁን አላገኘሁትም። መሪጌታ ለልጁ ሰጡት፤ ልጁ ለጓደኛው አዋሰው፤ ጓደኛው ለእህቱ፤ እህቱ ለመሥሪያ ቤቷ ሰው። ከዚያ ወዲያ ዱካው ጠፋ። መጽሐፉ እጅህ ላይ ያለ ወንድሜ፣ ወይም እጅሽ ላይ ያለ እህቴ፣ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል። የማትመልሱ ከሆነም በኅዳጉ ላይ በእርሳስ የተጻፈው ሁሉ የመሪጌታ ነውና፣ አደራ፣ በላጲስ እንዳትነኩት።